ስሜ አፍንጫዬ ላይ ነው

ፎርት ሊ፣ ኒው ጀርሲ
ኦክቶበር 7 ቀን 1911

ለምወድሽ እናቴ፣

ጓንት መስፋቱ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ። አያቴም ደህና ናቸው፤ ቁጣ ለጤናቸው ይስማማቸዋል።

ትናንት ማታ አባረሩኝ። አባትሽን መቼም ታውቂያቸዋለሽ፤ ሲያባርሩም እንደ መድረክ ነው። መጀመሪያ ካባቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። ከዚያ አከራያችን ሚስስ ኦጊልቪ ሾርባውን ይዘው እስኪቀመጡ ጠበቁ። ተመልካች ከሌለማ ምኑን ተቆጡት!

«ምረጪ!» አሉ። «ወይ ሰኞ ከቡድኔ ጋር ለቴአትር ጉዞ ትነሺያለሽ፣ ወይ ከዚያ ከሚንቀጠቀጥ የሲኒማ ሥዕልሽ ጋር ትቀሪያለሽ። ከቀረሽ ደግሞ ቤቴን አትረግጪም!»

«የትኛውን ቤት አያቴ? ይኼ የሚስስ ኦጊልቪ ነው።»

ሚስስ ኦጊልቪ ሳቃቸውን በሾርባ ዋጡት።

«አርባ ዓመት ሙሉ በድምፄ ሰው አስለቅሻለሁ!»

«ከኋላ የሚቀመጡት የሚያለቅሱትማ ስለማይሰማቸው ነው።»

ጠረጴዛውን በጡጫ መቱት። «ድምፅ የሌለው ትወና! ይኼ ለደንቆሮ የተሠራ ነው!»

እንዲህ አሉ እማዬ፤ መስማት የማትችል ልጅ የወለዱት ሰውዬ። ልጅ ሳለሁ ከመጋረጃው ጥግ ቆሜ ንግግራቸውን በእጅ ምልክት ስነግርሽ፣ «ሕዝቡ ይረበሻል» ብለው እጄን ያስያዙኝም እሳቸው ናቸው። አንቺ ከዚያ ወዲህ ቴአትር ቤት ገብተሽ አታውቂም።

«አዎ፣ ለእሷ የተሠራ ነው» አልኳቸው። «ሥዕሉ የሚታይበት አዳራሽ ውስጥ ማንም ምንም አይሰማም። ሁሉም ከእናቴ እኩል ነው።»

ካባቸውን ሰብስበው ሊነሡ ነበር። ግን አያቴ አይደሉ፣ የመጨረሻውን ቃል ለሌላ አይተዉም። «ለመሆኑ ስምሽን ማን ያውቀዋል? ማስታወቂያው ላይ እንኳ አይወጣ!»

ይቺ እንኳ እውነት ናት። የሲኒማ ኩባንያው የማናችንንም ስም አይጽፍም፤ ከታወቅን ደመወዝ ጨምር ብለን እንዳንጨቀጭቀው ይፈራል። ሌሊቱን ሙሉ አንገበገበችኝ።

ዛሬ ጠዋት ገደሉ አፋፍ ላይ የመርከበኛ ሚስት ሆኜ አለቀስኩ። ባሌ ሰጥሟል። (የሰጠመው ባሌ ከካሜራው ጀርባ ዳቦ በቋሊማ ይበላል።) አዘጋጁ ሚስተር ብሮዴሪክ «ልብሽን ያዢ! ባሕሩን እዪ!» እያለ ይጮኻል። እኔ ባሕሩን ትቼ ካሜራውን ትክ ብዬ አየሁትና በሁለት ጣቴ የአፍንጫዬን ጫፍ ቆንጠጥ አድርጌ ለቀቅኩት። ስወለድ ከፊቴ የሚታየው አፍንጫዬ ብቻ ነበር ብለሽ በእጅ ምልክት ያወጣሽልኝን ስሜን ተናገርኩ።

«አቁሙ!» አለ ሚስተር ብሮዴሪክ። አለቀልኝ አልኩ።

«እንዴት ያለ አዲስ ሐዘን ነው! ከየት አመጣሽው?»

«ከእናቴ።»

ከሰዓት በኋላ ሌላዋ ተዋናይት ሟች እናቷን ስታለቅስ አፍንጫዋን ቆነጠጠች። እኔን እየጠራችኝ መሆኑን አልነገርኳትም።

ሰኞ የአያቴን ሻንጣ ባቡር ጣቢያ ድረስ እሸከምላቸዋለሁ። እኔ ግን አልሳፈርም። ሚስስ ኦጊልቪ ጣሪያ ሥር ያለችውን ክፍል ሰጥተውኛል፤ ውላችን በየእሑዱ እራት ላይ አያቴን መስዬ እንድቆጣላቸው ነው።

ሥዕሉ እናንተ ከተማ ሲደርስ ከፊት ተቀመጪ። ሰዉ ለመርከበኛው ሲያለቅስ አንቺ እጅሽን አንሥተሽ ጥሪኝ። ሕዝቡ ይረበሽ!

እነዚያን እጆችሽን መርፌ አይድፈራቸው።

ማስታወቂያ ላይ የሌለችው ልጅሽ፣
ባለ አፍንጫዋ ኦዴሊያ