ለእንግዶች ያረድናት አሳማ ሀብት ሆና ስለ መመዝገቧ

ለተከበሩ የቤተሰብ ገቢ ጥናትና ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር
ሱቫ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ ባለቤትዎንና ልጆችዎን በሙሉ ጤንነት፣ በሙሉ ሆድና በሙሉ ደመወዝ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኛ በዋይኒሩሩ መንደር ያለን ደኅና ነን። ደኅና መሆናችንን ያወቅነው ከመሥሪያ ቤትዎ ሪፖርት ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ቢያመንም ቢቸግረንም ለመናገር እያፈርን ነው።

በፖስታ የላክሁልዎ ማመልከቻ እስካሁን መንገድ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ጋዜጣ ግን በየጠዋቱ ጠረጴዛዎ ላይ እንደሚቀርብ ስለሰማሁ፣ የአገር ሰው ሁሉ እያነበበ እንዲደርስዎ ይህን መንገድ መርጫለሁ። ስለ ድፍረቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ምናልባት ባያስታውሱኝ፣ ሴሩዋያ እባላለሁ። ከባለቤቴ ከኢሊኤሳ ጋር በቫኑዋ ሌቩ ደሴት ጠረፍ ጎደሬና ካሳቫ እየተከልን፣ ባሕሩ ሲፈቅድልን ደግሞ ዓሣ እያጠመድን እንኖራለን። ኡናይሲ የምትባል አንዲት ልጅ አለችን። ላምባሳ ከተማ አዳሪ ሆና አሥራ አንደኛ ክፍል ትማር ነበር። የጀልባችን ሞተር ሲበላሽ ፈትታ የምትገጥመው እርሷ ናት። አንድ ቀን የትልልቅ መርከብ ሞተር እይዛለሁ ትል ነበር፤ አባቷም ያምናት ነበር። «ነበር» እያልኩ የጻፍኩት ሰዋስው ስለማላውቅ አይደለም።

ቅሬታዎቼን እንደ መሥሪያ ቤትዎ ደንብ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በመጀመሪያ ስለ ጉብኝትዎ ላመስግን። ባለፈው ዓመት የዝናቡ ወራት ሊገባ ሲል፣ እርስዎ ራስዎ ከባልደረቦችዎ ጋር በመንግሥት ጀልባ መጥተው፣ ሱሪዎን ሰብስበው በባዶ እግርዎ ወደ ባሕሩ ዳር ሲወጡ ያየ መንደርተኛ ሁሉ ተደንቋል። የገጠሩን ሰው ኑሮ በዓይናችሁ አይታችሁ፣ ለሚገባው ድጋፍ ልትሰጡ እንደመጣችሁ ተነገረን። የመንደራችን አለቃም እንግዶቹ በእኛ ቤት እንዲስተናገዱ ወሰነ፤ የቤታችን ወለል ሰፊ ነውና።

በጓሯችን አንዲት አሳማ ነበረችን። የኡናይሲን የአዳሪ ቤት ክፍያ ግማሹን መንግሥት ይደግፈን ነበር፤ ለቀሪው ግማሽ የምትሸጠው ያቺው አሳማ ነበረች። እናንተ ገና ከጀልባ ሳትወርዱ ኢሊኤሳ ቢላዋ ሲስል አገኘሁት።

«ይቺ እኮ የኡናይሲ ትምህርት ቤት ናት» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ካወቅህ ቢላዋውን መልሰው። ዓሣ አለ፣ ዶሮ አለ።»

«ከዋና ከተማው ከሱቫ ድረስ ለመጣ ሰው ዶሮ? መንደሩ ምን ይለናል? ደግሞ ሊረዱን ነው የመጡት፣ ሴሩ። ሊረዳህ የመጣን ሰው በባዶ ቤት አትቀበለውም።»

«ባዶውን ቤት ካላየ ታዲያ ምኑን ሊረዳህ ነው?»

«ተይ እንጂ፤ ሰዎቹ የተማሩ ናቸው። ይገባቸዋል» አለኝና ወደ ጓሮ ሄደ።

ባለቤቴ በሕይወቱ ብዙ ጊዜ ተሳስቷል፤ እንደዚያን ቀን ግን ከልቡ ተሳስቶ አያውቅም።

እንግዳ የምንቀበልበትን መጠጥ፣ ያንጎናውን፣ በደንቡ መሠረት አቀረብንላችሁ፤ እርስዎም በደንቡ መሠረት አጨብጭበው ተቀበሉ። ከዚያ ምግቡ ቀረበ። ባልደረባዎ አንዱን የጎድን አጥንት በግራ እጁ እንደያዘ በቀኙ እየጻፈ ጥያቄ ጀመረ።

«ሥጋ እንዴት ነው፣ ትበላላችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልጎደለብንም» አለ ኢሊኤሳ።

«ቤታችሁ ምን ይጎድለዋል?»

«ምንም። እንግዳ ብቻ ነበር የጎደለን፤ እሱም ዛሬ መጣልን።»

ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ የባሌን ወገብ በጣቴ ብወጋውም ዞሮ አላየኝም። የእኛ አገር ሰው በእንግዳ ፊት ገበናውን ይሸፍናል እንጂ «አጣሁ፣ ነጣሁ» አይልም፤ ይህን ደግሞ የእኛው አገር ልጅ እንደመሆንዎ ከእናትዎ ቤት ሳይሰሙት አልቀሩም ብዬ ነበር።

ውሎ አድሮ ውጤቱ ሲመጣ ቤታችን «ሥጋ በበቂ ሁኔታ የሚመገብ፣ የቁም እንስሳት ያለው፣ ጉድለት እንደሌለበት በራሱ አንደበት ያረጋገጠ» ተብሎ ከድጋፉ ወጣ። ለዚህ ትክክለኛ ጥናት ያለኝ አድናቆት ከፍ ያለ ነው። ይሁን እንጂ የቁም እንስሳ ተብላ በተመዘገበችበት ሰዓት፣ አሳማዋ በማን ሆድ ውስጥ እንደነበረች በሚቀጥለው እትም በግርጌ ማስታወሻ ቢጠቀስ ጥናቱን ይበልጥ የተሟላ ያደርገዋል ብዬ በትሕትና አሳስባለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ጎደሬያችን። ሪፖርትዎ፣ የገጠር ሰው ከጓሮው ነቅሎ የሚበላው ሁሉ በሱቫ ገበያ ዋጋ ተተምኖ ገቢ መሆኑን ስላሳወቀን እጅግ ደስ ብሎናል። እስከዚያ ድረስ ራት እየበላን ይመስለን ነበር፤ ለካስ ደመወዝ እየተቀበልን ኖሯል። ችግሩ ይህን ደመወዝ የመንደራችን ባለ ሱቅ አይቀበለንም። ስኳሩም፣ ሳሙናውም፣ የጀልባው ቤንዚንም ባሕር ተሻግሮ ስለሚመጣ ከሱቫ ይልቅ በእኛ ዘንድ ይወደዳል፤ ጎደሬያችን ደግሞ ያንኑ ባሕር ተሻግሮ ስለሚሄድ ከሱቫ ይልቅ በእኛ ዘንድ ይረክሳል። አንድ ባሕር ዕቃ ሲመጣም ሲሄድም የሚያስከፍለው እኛን ብቻ የሆነበትን ምክንያት፣ ሊቃውንትዎ ጊዜ ሲያገኙ ቢያስረዱን እንማራለን።

በዚህ ላይ ሊቲያ የምትባል ታናሽ እህት አለችኝ። ሱቫ ውስጥ፣ በባሕር ዳር ጭቃና በማንግሮቭ ዛፎች መካከል በቆመች የቆርቆሮ ቤት ትኖራለች፤ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። እኔ በመርከብ ጎደሬ እልክላታለሁ፤ እርሷ ሲተርፋት ጥቂት ገንዘብ ትልክልኛለች። ሊቲያ ለልጆቿ ድጋፍ ስትጠይቅ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ምን እንዳላት ያውቃሉ? «ደመወዝ አለሽ፤ ከገጠርም ምግብ ይመጣልሻል።» እኔ ስጠይቅ ደግሞ «ምግብ አለሽ፤ ከከተማም ገንዘብ ይመጣልሻል» ተባልኩ። እኛ ሁለት እህትማማቾች አንዷ የሌላዋን ቀዳዳ ስንደፍን፣ መሥሪያ ቤትዎ ሁለታችንንም ሀብታም አድርጎ መዘገበን። እናታችን ይህን ሳታይ መሞቷ ያሳዝነኛል፤ ተርፏት የማያውቅ ሴት ነበረች፣ ሁለት ባለጸጋ መውለዷን ብታውቅ ትደሰት ነበር።

ሦስተኛ፤ በመሥሪያ ቤትዎ ስለተደረገልኝ አቀባበል። ለአቤቱታ በመርከብ ሌሊቱን ተጉዤ ስመጣ መስኮቱ ላይ ያገኘኋት ሠራተኛ ደግ ሴት ነበረች። ስሟን የማልጠራው በጥላቻ አይደለም፤ ደግ መሆኗ ከታወቀ ነገ ወንበሯን እንዳታጣ ብዬ ነው።

«እህቴ፣ ሲስተሙ ላይ ቤታችሁ ድጋፍ አያስፈልገውም ነው የሚለው» አለችኝ።

«ሲስተሙ እኛ ቤት መጥቶ ያውቃል?»

«እሱማ...» ብላ ዙሪያዋን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሁን ይግባኝ ለማለት ደሃ መሆንሽን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልግሻል።»

«ምን ዓይነት ማስረጃ?»

«የባንክ ሂሳብ መግለጫ።»

«የባንክ ሂሳብ የለኝም።»

«እንግዲያው ሂሳብ እንደሌለሽ ባንኩ ይጻፍልሽ።»

ባንኩ ሄድኩ። ደብዳቤውን በደስታ እንደሚጽፉልኝ ነገሩኝ፤ ለአገልግሎቱ ግን ክፍያ አለው፤ ክፍያውም ከሂሳቤ ነው የሚቆረጠው። ስለዚህ ሂሳብ እንደሌለኝ ለማስጻፍ ሂሳብ መክፈት ነበረብኝ። ተመልሼ ይህን ስነግራት ያቺ ሴት አልሳቀችም። ከቦርሳዋ የራሷን ምሳ አውጥታ ግማሹን ሰጠችኝ። በመሥሪያ ቤትዎ ያገኘሁት ድጋፍ ይኸው ብቻ ስለሆነ፣ እባክዎ ገቢዬ ላይ አይደምሩብኝ።

ስወጣ ሊፍቱ አጠገብ እርስዎን አገኘሁ። አወቁኝ። ዝቅ ብዬ ሰላምታ ሳቀርብ፣ ፈገግ ብለው «አሃ፣ ዋይኒሩሩ! ያቺን አሳማ እኮ እስካሁን አልረሳናትም» አሉኝ። ልመልስ ስል ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ታድላችኋል እናንተ። እኛ እዚህ ሎሚ እንኳ የምንበላው ገዝተን ነው» አሉና ገቡ። በሩ ተዘጋ።

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣ ያን ቀን መልስ ሳልሰጥዎ የቀረሁት ስላጣሁት አይደለም። መልሱ ከበሩ ስለረዘመ ነው። ሎሚያችን በነጻ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የአዳሪ ቤቱ ኃላፊ ልጄን ከነሻንጣዋ በር ላይ ሲያቆማት ሎሚ አልጠየቃትም። ሐኪም ዘንድ ለመድረስ የምንሳፈረው ጀልባ ሎሚ አይጠጣም። እርስዎ ሎሚ የሚገዙበት ገንዘብ ስላለዎት ያዝኑልናል እንጂ፣ እኛ ሎሚያችንን ይዘን ከእርስዎ ወንበር ጋር ለመለዋወጥ ዝግጁ ነን፤ ዛፉንም ጨምረን እንሰጣለን።

የሚቀጥለው ነገር አራተኛ ሊባል ይገባው ነበር። ቁጥር ልሰጠው ግን እጄ እምቢ አለኝ።

የአዳሪ ቤቱ ክፍያ ሲቋረጥ ኡናይሲ ወደ ቤት ተመለሰች። ለጥቂት ሳምንታት ከእኔ ጋር ወደ እርሻ ትወርድ ነበር። ኢሊኤሳ ለጎረቤት ሁሉ የጉልበት ሥራ እየሠራ ገንዘብ ሊያሰባስብ ሞከረ፤ ጎረቤቱ ግን እንደ እኛው በጎደሬ የሚከፈለው «ሀብታም» ስለሆነ፣ በጎደሬ ከፈለው። ከዚያ አንድ ቀን ልጄ አክስቷን ለመጠየቅ ሱቫ ልሂድ አለችኝ። ፈቀድኩላት። ከሄደች በኋላ ስልክ ደወለች።

«እማ፣ አክስቴ ፋብሪካ ሥራ አግኝቻለሁ። እሷ አጠገብ ነው ያስቀመጡኝ።»

ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፣ እማ። ገንዘቡን ላጠራቅምና እመለሳለሁ።»

«ምንድን ነው የምትሰፊው?» አልኳት።

«አንገትጌ። የተማሪ ሸሚዝ አንገትጌ» አለችኝ። ቀጥላም፣ «አባዬን እንዳትቆጪው እሺ? እሱ ደግ ሰው ስለሆነ ነው» አለች።

ስልኩን ለአባቷ ሰጠሁት። «ደኅና ነሽ?» ብሎ ጠየቃት፤ «ደኅና ነኝ» ሳትለው አልቀረችም፤ «ጎበዝ» አላት። ከዚያ ወጥቶ ሄደ። የተበላሸው የጀልባ ሞተር ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። ሊሠራው እየሞከረ አልነበረም። «የቱ ብሎን ከየት እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንግዳ ሲመጣ ሰላምታ ይሰጣል፣ ምንጣፍ ያነጥፋል፤ ስለ ቤቱ ሲጠየቅ ግን «እሷን ጠይቋት» ብሎ ወደ እኔ ያመለክታል። እኔም ተቆጥቼው አላውቅም። ይህ ደግ ሰው ያፈረበትን ነገር ሊያፍርበት የሚገባው ሌላ ሰው እንደሆነ በየቀኑ እነግረዋለሁ፤ አይሰማኝም። እርስዎ ቢነግሩት ግን ይሰማዎታል፤ አሁንም የተማሩ ሰዎች የሚሉትን ያምናልና።

ከዚህ በላይ ውድ ጊዜዎን መውሰድ አልሻም። ለጎበኙን፣ ለተመገቡልን፣ ቆጥረውም ላበለጸጉን ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ሊፍትዎ እንዳይቆም፣ ሎሚም እንዲረክስልዎ እየተመኘሁ፣ በእርስዎ ብዕር ከድህነት የወጣሁ፣ ከቤቴ ግን ያልወጣሁ፣

ታዛዥዎ
ሴሩዋያ፣ የኢሊኤሳ ባለቤት፣ የኡናይሲ እናት
ዋይኒሩሩ፣ ቫኑዋ ሌቩ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ልልክ ስል ኡናይሲ ከመጀመሪያ ደመወዟ ቆርሳ ላከችልን። ስለዚህ የቤታችን ገቢ በእርግጥም ከፍ ብሏል። ሪፖርትዎ ሲጻፍ ውሸት ነበር፤ አሁን ልጄ ትምህርቷን ጥላ እውነት አደረገችልዎ። እንኳን ደስ ያለዎት።