ጉድጓዱ የጠጣው አተላ

ኅዳር 3 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ከጧቱ 12፡30

ቂንጬው ተጥዷል። ሻዩ ፈልቷል። ደንበኛ ገና ነው። ጎንበስ ብዬ እሳቱን አያለሁ። ሰማያዊ። ጭስ የለውም። የሰፈሩ ድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የላም እበት ነው እንግዲህ ይሄ የሚነድደው። እንዴት? የባዮጋዝ ጉድጓዱን ባለሙያ ስንታየሁን በቀን አንዴ ሳልጠይቀው አልውልም። ዓይን የማያያቸው ረቂቅ ነፍሳት ውስጡ አሉ፣ የጣልንላቸውን ይበላሉ፣ ትንፋሻቸው ነው የሚነድደው ይለኛል። ይተኛሉ ወይ? ይጠግባሉ ወይ? ይስቅብኛል።

ለሙከራ ቧንቧ የተዘረጋው ለእኔ ቁርስ ቤት ብቻ ነው፤ ለጉድጓዱ ጎረቤት ነኝ። ዓይን ሐኪሙ ከእንግዲህ ጭስ ፊት ከተቀመጥሽ ዓይንሽን እርሺው ብሎኛል። ስለዚህ ደብተሬ፣ ነገሩ ለእኔ ጨዋታ አይደለም። በወሩ መጨረሻ ሰፈሩ ተሰብስቦ ጉድጓዱ ይቀጥል ወይስ ይደፈን ይወስናል።

እናቴ ከዚህ ምድጃ አንዲት ጉርሻ አልቀመሰችም። በጥራጊ እሳት የበሰለ አልበላም ባይ ናት። ምሳዋን ከቤቷ ቋጥራ መጥታ ደጄ ላይ ተቀምጣ ትበላለች፣ ደንበኛ እያየ። በጣም ያናድደኛል።

ኅዳር 5፣ እሑድ

ስጋት ይዞኝ ሰንብቷል። ኅዳር ሲታጠን ቤቱ ሁሉ ጥራጊውን አውጥቶ ያነድዳል። በሽታ የሚወጣው በዚያ ጭስ ነው፣ አባቶቻችን ያቆዩት ነው። ጉድጓዱስ ምን ሊበላ? ትናንት ንስሐ አባታችን ቤት ሄድኩ። አባ ሰሙኝ። ከዚያ እሳቱ ሽታ አለው ወይ፣ በንፋስ ይጠፋል ወይ፣ ውሃ በስንት ጊዜ ያፈላል እያሉ ያዙኝ። ለካ እሳቸውም እንደኔው ናቸው።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ተናገሩልኝ። ደረቁን አጥኑ፣ እርጥቡን ለጉድጓዱ ስጡ አሉ። እንዴት ያለ ፍርድ ነው! እየበረርኩ ነው የገባሁት።

ኅዳር 12፣ 10 ሰዓት

ከተማው ጭስ ለብሷል። በሬን ዘግቼ ዋልኩ፤ ዓይኔ ግን ማንባቱን አልተወም። ስንታየሁ ለሚካኤል ወላጆቹ ዘንድ ይጁቤ ሄዷል። እስክመለስ የጉድጓዱን በር አንቺ ያዢ ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። እንደ ሹመት ነው የቆጠርኩት። ይሄን ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ፣ ደብተሬ።

ኅዳር 13

ጉድ ነው። ከማለዳ ጀምሮ ሰልፍ። እንስራ፣ ባልዲ፣ ጀሪካን። ለሚካኤል ያልጠመቀ ቤት የለም፣ አተላው ሁሉ ወደ እኔ መጣ። አባ እርጥቡን ብለዋል፤ ከአተላ የበለጠ እርጥብ ከየት ይምጣ? ከብት ያላቸው እንኳ ለከብቶቻቸው ነፍገው አመጡ። ከፈትኩ። ገለበጡ። መረቅኳቸው።

መጨረሻ ላይ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? እናቴ። ማድጋዋን አዝላ። ራሷ ገለበጠች፣ ማድጋውን አንጠፈጠፈች፣ «በይ እንግዲህ፣ የኔንም ይቅመሱት» አለችኝ። አለቀስኩ። ስንት ወር ሙሉ የጠበቅኩት ቃል ነው።

ኅዳር 15

ጾም ገባ። እሳቱ ታመመ። ይያዛል፣ ይርገበገባል፣ ይጠፋል። ክብሪት ጨረስኩ። የጉድጓዱ አፍ አቼቶ አቼቶ ይሸታል። ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ፤ ውስጡ ይንተከተካል። አየሩ ካለ ታዲያ ለምን አይነድድም? እናቴ ሚካኤል አልወደደውም አለች።

ኅዳር 16

ስንታየሁ ተመለሰ። ሽታው በር ላይ አገኘው። ማን ነው አተላ ያመጣው አለ። ሰፈሩ ሁሉ አልኩት። ራሱን ይዞ ተቀመጠ። አልተቆጣኝም፣ እሱ ነው የባሰብኝ።

አተላ በጥቂቱ ሲሆን ጥሩ ምግብ ነው አለ። እንዲህ በአንድ ቀን ሲወርድባቸው ግን ጉድጓዱ ይኮመጥጣል፣ ነፍሳቱ ይደክማሉ፣ የሚወጣውም አየር እሳት አይዝም። ባጭሩ አስክረናቸዋል። መድኃኒቱ ጉድጓዱን ማስጾም፣ ትኩስ እበት፣ በውሃ የተበጠበጠ አመድ በጥቂት በጥቂቱ። ይድናሉ ወይ? እሱም አያውቅም።

ቁርስ ቤቱን ዘጋሁ። እስከዚያው በእንጨት ሥሪ የሚለኝ በዝቷል። ለነሱ ቀላል ነው፤ ጭሱ የሚያጠፋው የኔን ዓይን ነው። ፈርቻለሁ።

ኅዳር 26፣ እሑድ

የሰፈሩ ስብሰባ። ይደፈን ያሉት በዙ። ሸተተን፣ ልጅ ይገባበታል፣ እሳቱስ የታለ? ተነሣሁ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ እስከ ገብርኤል ታገሡኝ አልኩ። ባይድንስ አለኝ አንዱ። በገዛ አካፋዬ እደፍነዋለሁ አልኩት። ሳቁ። ጊዜውን ሰጡኝ። ከአሁን ወዲያ ምን እንደሚገባበት የምትፈቅጂ አንቺ ነሽ ተባልኩ።

እናቴም ነበረች። ስለ አተላው ስናገር መሬት መሬት ስታይ አየኋት። ማን ማን እንዳመጣ አልዘረዘርኩም።

ታኅሣሥ 9

በየቤቱ አመድ እለምናለሁ። የማን ቤት ምን እንጨት እንደሚያነድድ ከአመዱ መለየት ጀምሬያለሁ፤ የባሕር ዛፉ፣ የግራሩ። ሽታው ቀንሷል። ዛሬ ክብሪት ጫርኩ። እሳቱ ያዘ። ሻይ ሳይፈላ ጠፋ። ግን ያዘ።

ታኅሣሥ 19

ገብርኤል። ሰማያዊ እሳት ከተመለሰ ሦስተኛ ቀኑ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች መጥተው አዩ፣ ይቀጥል ብለው ሄዱ። ቁርስ ቤቱ ተከፈተ።

እናቴ ከቅዳሴ መልስ ገባች። ከውስጥ፣ ከደንበኞቹ መሀል ተቀመጠች። ሽሮ አቀረብኩላት። በላች! ጨው አንሶታል አለች፣ ጨረሰችው። ቆሜ አየኋት፣ ሥራዬን ረስቼ።

ስትወጣ ምን ትለኛለች? ነገ በጧት የገብርኤሉን አተላ አመጣልሻለሁ አለችኝ። ለነፍሳቱ ስትል ወፍራሙን ለይታ አስቀምጣለች። ከሰው ቀድማ ለመድረስ ቸኩላለች። ባለፈው ያጠፋው የሌላው ሰው እንጂ የእሷ አተላ አልመሰላትም። ሳልነግራት ሸኘኋት።

ነገ ሰፈሩ እንስራውን ይዞ ይሰለፋል፣ ሁሉም እጄን ነው የሚያየው። የእሷን ተቀብዬ የማንን ልመልስ? ማታውኑ ቤቷ ሄጄ ልንገራት ብዬ ነበር፤ በዓሏን ላበላሽባት አልፈለግሁም።

ወስኛለሁ። ከሁሉ በፊት የምመልሰው የእናቴን ማድጋ ነው፣ ሰው እያየ። ትቆጣለች። ምናልባት ዳግመኛ ከእጄ አትቀምስም። ከማለዳው 12 ሰዓት ጀምሮ በሩ ላይ ነኝ።