የእናትህ አስተር

መጋቢት 12 ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ስልኬን ለማያነሳው ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ከትናንት ጀምሮ አሥራ አንድ ጊዜ ደውዬ አላነሳህም። እልኸኝነቱን ከማን እንደወረስከው ስለማውቅ አልተቀየምኩህም። ይህን ደብዳቤ በእጅህ እንዲሰጥህ የጭነት መኪናውን ሾፌር አስምዬዋለሁ። ቆመህም ቢሆን እስከ መጨረሻው አንብበው። ጊዜ የለንም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ፣ ከውኃ በርሜሉ አጠገብ ካለው መደብ አንዷ አስተር አረንጓዴ አብባ ያየኋት ቀን ዓይኔን አላመንኩም። ሐምራዊ መሆን የሚገባት አበባ ከነጭራሹ አረንጓዴ! ከመሀሏ ደግሞ ትንንሽ ቅጠሎች ብቅ ብቅ ብለው ነበር። አርባ ዓመት አፈር ስገፋ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። የሠርግ አዳራሽ የምታስጌጠው ደንበኛዬ እንዳየቻት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ጋሼ፣ ይሄን ለማንም እንዳትሰጥብኝ!» አለች። እኔም በስተርጅና ስሜን ላስጠራ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ያን ሰሞን ነው አንተ የመጣኸው። አበባዋን በጣትህ ገልበጥ አድርገህ አየህና ፊትህ ጠቆረ።

«አባባ፣ ይሄ አዲስ ዝርያ አይደለም። በሽታ ነው። ዛሬውኑ ነቅለህ አቃጥለው።»

«በሽተኛ እንዲህ ያምራል?»

«ማማሩን ተወው። እስቲ ጠብቅና ዘር ከቋጠረልህ ንገረኝ።»

«አርባ ዓመት ያበቀልኩትን ሰውዬ፣ አራት ዓመት ደብተር የያዘ ያስተምረኝ!» አልኩህ። ከዚያ በኋላ ያልኩህን ሁለታችንም እናስታውሰዋለን፤ እዚህ አልደግመውም። በሩን ያሳየሁህ እኔ ነኝ።

አንተ እንደሄድክ ቢላዬን ሞርጄ ከዚያች አረንጓዴ አስተር እየቆረጥኩ ሦስት መደብ ሙሉ ተከልኩ። የእልህ ነገር ሆኖ ለጎረቤትም አደልኩ። ከአጥሩ ማዶ ላለችው ለሳቂታዋ ሃያ ቁራጭ ወስጄ በገዛ እጄ ተከልኩላት።

ጥር ሊያልቅ ሲል የሳቂታዋ መደብ ወየበ። ውኃ የጠማው መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ከያንዳንዱ ግንድ እንደ መጥረጊያ የተጨናነቀ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ወጣ። የሚከፈተው አበባ ሁሉ የተጣመመ፣ ገሚሱ ሐምራዊ ገሚሱ አረንጓዴ፣ እንደ ሕፃን ጡጫ የተጨበጠ ሆነ። ከዚያ ካሮቷ ተከተለ። ካሮት! ካሮቱ ላይ ማን አስተር ተከለ? ስንነቅለው ዙሪያውን ፀጉር አብቅሏል፤ ስንቀምሰው ሬት ነው።

ያኔ ፈራሁ። አንዲት የተክል ሐኪም ለምኜ አስመጣሁ። ወጣት ናት። ከተክሉ ሥር ነጭ ወረቀት ዘረጋችና ቅጠሉን መታ መታ አደረገችው። ከስንዴ ቅንጣት የማይበልጡ ነፍሳት ዱብ ዱብ አሉ፤ ደግሞ ወዲያው እየዘለሉ ጠፉ።

«አባቴ፣ የሚያዛምቱት እነዚህ ናቸው» አለችኝ። «ባክቴሪያው የሚኖረው ተክሉ ምግቡን በሚያመላልስበት ጅማት ውስጥ ነው። ነፍሳቷ ከታመመው ትመጥጣለች። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሞላው ምራቋ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት የነከሰችውን ሁሉ ትበክላለች። እሷን ምንም አይላትም።»

«መድኃኒቱስ?»

«የለውም። መንቀልና ማቃጠል ነው፤ አረሙንም ጭምር። አረም ውስጥ ተደብቆ ይከርማል።»

«ቆርጬ የተከልኩትስ?»

«እሱንማ ነፍሳትም አላስፈለገው። ከነበሽታው ነው የተከሉት።»

የፈራሁትን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ጠየቅኳት። «ምንም ምልክት የሌላት፣ ለምለም ሐምራዊ አበባስ?»

«ከታመመው አጠገብ ከነበረች አይመኗት። ምልክቱ ሳይታይ ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ይቆያል።»

ልጄ፣ አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጥር ሲገባ እህትህ በማሰሮ ያመጣችልህ አስተር አለች። «ከጎረቤቴ ነው ያገኘኋት፣ እማማ ድሮ የሰጠቻት ናት» ብላህ ነበር። ውሸት ነው፤ ያስዋሸኋትም እኔ ነኝ። አበባዋ የእናትህ መሆኗ እውነት ነው። የተነሳችው ግን ከዚህ ግቢ፣ እናትህ ነፍሷን ይማርና ሳትታመም መስኮቱ ሥር ከተከለችው ረድፍ ነው። ከእኔ መምጣቷን ብታውቅ መቼም አትቀበላትም ብዬ ነው። ቅጠሏን አንድ በአንድ ጠርጌ ላክኋት። ያን ዕለት አንድም እንከን አልነበረባትም። አረንጓዴዎቹ መደቦች ግን ከእሷ አምስት እርምጃ አይርቁም ነበር።

ባለፈው ሰኞ እዚያው ረድፍ ላይ የቀሩት እህቶቿ ወየቡ። ትናንት ደግሞ እህትህ መጥታ፣ ከማሰሮዋ ቆርጠህ በምትመራው የችግኝ ቤት ውስጥ መትከልህን ነገረችኝ። ሰው ሲያስነጥስ እጁን የሚታጠብ ልጅ እንዴት ሳይጠራጠር ቀረ ብዬ ገረመኝ። ግን የእናቱን አበባ ማን ይጠረጥራል?

«እንቡጥ ይዛለች?» አልኳት።

«ይዛለች።»

«ቀለሟስ?»

«ገና አረንጓዴ ናት፤ አልተከፈተችም።»

እንቡጥ ሁሉ አረንጓዴ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። አልሆነልኝም።

ዛሬ ጠዋት ግቢዬን መንቀል ጀመርኩ። ሳቂታዋ አጥሩን ዞራ መጣች። ትሰድበኛለች ብዬ ቀና ሳልል ጠበቅኳት። «የዚያኛውን ጫፍ እኔ ልያዝ» አለችኝ። እስከ ቀትር አብራኝ ነቀለች። እናትህ የተከለችው ረድፍ ላይ ስንደርስ ወደ ዳር ወጣሁ፤ እሱን የነቀለችው እሷ ናት። ሁሉንም አቃጠልነው፤ ገና እየጨሰ ነው።

አንተም ዛሬውኑ ተነስ። ማሰሮዋን ሳታነቃንቃት በፊት በላስቲክ ሸፍናት፤ ነፍሳቱ እንዳይበተኑ። ከእሷ የተቆረጠውን፣ አጠገቡ ያለውን፣ በአጥሩ ዙሪያ የበቀለውን አረም ሁሉ አንድም ሳታስቀር ንቀል። ለአለቆችህ ሳትውል ሳታድር ንገራቸው። ጥፋቱ የማን ነው ካሉህ የአባቴ ነው በል፤ አድራሻዬንም ስጣቸው። ለእኔ ብለህ እንዳትሸፋፍን። ከዚያ ቤት ችግኝ የሚወስደው ስንት ገበሬ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

አንድ ቅርንጫፍ ለመታሰቢያ ላስቀር ትል ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ከእናትህ እጅ የቀረችው አስተር አሁን አንተ ጋ ያለችው ብቻ ናት። አቃጥላት።

ሰውነትህን ጠብቅ፣ ምግብ ሳትበላ አትዋል። የተከልከው ይጽደቅልህ። አምላክ ከእጄ ሥራ ይሰውርህ።

አባትህ