ሳላውቅ እሺ ያልኩሽ

ይድረስ ለወለተ ሥላሴ፣ ለዓለሜ። ኧረ ተይው፣ በዚህ ስም እንደማትሰሚኝ አሁን አውቄያለሁ። ይድረስ ለጫልቱ። እንደምን ከረምሽ? ከተለየሽኝ እነሆ ዓመት ሞላ።

ንጉሡ ግቢያቸውን ወደ እንጦጦ ካዞሩ ወዲህ አንኮበር ጭር ብላለች። ጉሙ ግን ዘንድሮም በሩን ገፍቶ ይገባል። ከአሊዩ አምባ ያመጣሻት ቀይ ላም ወልዳለች፤ ታዲያ ለእኔ ወተቷን አልለቅም ብላ ስታስቸግረኝ ከረመች።

ባቄላ ስንፈለፍል በልብሽ የምታስቢው በአማርኛ ነው ወይስ በኦሮምኛ ብዬ የጠየቅሁሽ ትዝ ይልሻል? ስለ እኔ ስታስቢ በአማርኛ፣ ስለ እናትሽ ስታስቢ በኦሮምኛ እንደሆነ ነገርሽኝ። ሰውን በገዛ ቋንቋው ካላሰቡት ይቀየማል አልሽ። እግዚአብሔርንስ በምን ታስቢዋለሽ ብዬ ባሾፍ፣ እርሱስ ሁሉንም ይሰማል፣ የማትሰማው አንተ ነህ ብለሽ ሳቅሽብኝ። እውነትሽን ነበር። ግእዝ እንደ ውሃ የምጠጣው ደብተራ ከአንቺ ቋንቋ አንዲት ቃል አልያዝኩም ነበር።

ከቆላ ይዞሽ የመጣው ንዳድ ሲበረታ አማርኛው ከአፍሽ ጠፋ። እጄን ጨብጠሽ በኦሮምኛ አንድ ነገር ደጋግመሽ ለመንሽኝ። ምን እንደሆነ ሳላውቅ እሺ አልኩሽ፣ ዓይንሽም ተከደነ። እሺ ይበልጣል ከሺ ይላሉ፤ ያ እሺ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ከአርባሽ በኋላ ሐሳቤ የእኔ አልሆን አለ። ቅዳሴ ቆሜ ዜማው በአፌ እየሄደ፣ ከውስጤ የማላውቀው ቋንቋ ይፈስሳል። ዝናብ ሊመጣ ሲል እኔ ገና ሰማዩን ሳላይ በልቤ ሌላ ሰው ያስባል፤ እጄም ተነሥቶ አንቺ ታደርጊ እንደነበረው ስጡን ያስገባል። አንድ ማለዳ ላሟን ሳልብ በቋንቋሽ አንድ ቃል አመለጠኝ። ወዲያው ወተቷን ለቀቀች። ጆሮዋን ያቆመችው ግን ወደ እኔ አይደለም፣ ከኋላዬ ወዳለው ባዶ በር ነው። ዞር ብዬ ለማየት አልደፈርኩም።

የንስሐ አባቴ ዛር ነው ብለው ጠበል አዘዙልኝ። ውሃው በራሴ ላይ እየወረደ ያ ልመናሽ ቃል ሳይጎድልበት መጣልኝ። በገበያ ቀን አሊዩ አምባ ወርጄ ሁለቱንም ቋንቋ ለሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ጨው ነጋዴ ልመናሽን እንደመጣልኝ አልኩላቸው። የያዙትን አሞሌ አስቀምጠው አዑዙ ቢላህ አሉ። ይህ የሴት ድምፅ ነው፣ ከየት አመጣኸው አሉኝ። ከዚያ ፈቱልኝ፦ ስሞት እናቴ ባወጣችልኝ ስም ጥራኝ፣ በሌላው ከጠራኸኝ መንገዱ ይጠፋኛል።

እኛ ደግሞ በፍትሐቱም በተዝካሩም በክርስትና ስምሽ ብቻ ስንጠራሽ ኖርን። ሥርዓቱ ያ ነው፣ ካህናቱ ሌላውን አያውቁትም። አንቺም መንገድ ጠፍቶሽ እዚሁ ከእኔ ዘንድ ተቀምጠሽ ነበር።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ወዲያው አልጠራሁሽም። ከጠራሁሽ እንደምትሄጂ ገብቶኝ ነበር፤ አሳሳሽኝ። ግን እሺ ብያለሁ። ትናንት ሙት ዓመትሽ ሲወጣ፣ ሰው ሲበተን ከመቃብርሽ ዘንድ ቀረሁና ጫልቱ ብዬ ጠራሁሽ። በጉሙ ውስጥ ሣሩ ሲረገጥ ሰማሁ፤ ወደ ቁልቁለቱ፣ ወደ ቆላው ራቀ። ስመለስ በልቤ የቀረው አማርኛ ብቻ ነበር። ዛሬ ጠዋት ላሟም ከለከለችኝ።

እረፊ ጫልቱዬ። ነገ ገበያ ነው፤ በዚህ ሽበቴ ከሽማግሌው እግር ሥር ቁጭ ብዬ እንደ ፊደል ቆጣሪ ቋንቋሽን ልጀምር ነው። እኔ እንደሆነ አልረሳሽም። በቋንቋሽ ማሰብ እስክችል ድረስ ግን በአማርኛ ሳስብሽ አትቀየሚኝ።