ፊቱ ሲመለስ

ጥር 6
የሒሳብ ፈተና ነበር። ሁለት ጥያቄ ዘልያለሁ። ዛሬም ሳሎን ሶፋው ላይ ልተኛ ነው። እማዬ «አልጋህ ምን በደለህ?» አለች። ምን ልበላት? አልጋዬ ከወንድሜ አልጋ ጎን ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ ክፍላችን የምገባው ልብስ ለማውጣት ብቻ ነው... ያውም ትንፋሼን ይዤ።

ጥር 7
ሽቦ፣ ያ ቀጫጫ የክፍል ጓደኛዬ፣ የወንድሜን ፊልሞች ሊዋስ ቤት መጥቶ ሲዲዎቹን አገላበጠ። ሁሉም ጥቁርና ነጭ፣ ሁሉም የተኩላ ሰው። ጨረቃ ትሞላለች፣ ደህናው ሰውዬ ፀጉር ያበቅላል፣ የሚወዳቸውን ያሳድዳል።
«ምንጣፍ ፊቱ ላይ የለጠፈ ሰውዬ! ይሄ ምኑ ያስፈራል?» አለ።
ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። አላዋስኩትም።
ፀጉሩ የተለጠፈ መሆኑን ወንድሜም እኮ ያውቅ ነበር። «ተዋናዩን አስተኝተው ትንሽ ፀጉር ይለጥፉበታል፣ ይቀርጹታል፣ ደግሞ ይለጥፉበታል። ቀኑን ሙሉ ንቅንቅ አይልም። አየህ ቡችላ፣ መከራው የሰውዬው ነው» ይለኝ ነበር። ቡችላ እኔ ነኝ። ፀጉሩ መውጣት ሲጀምር ትራስ ውስጥ ስለምደበቅ። መጨረሻውን አንዴም አይቼ አላውቅም።

ጥር 9
ሐኪሙ ስለ ወንድሜ «እጢው ጭንቅላቱ ውስጥ ስለሆነ ጠባዩ ይለወጣል» ብሎን ነበር። እሺ። ግን ለመጨረሻ ጊዜ ሆስፒታል ሳየው ሳህኑን ወርውሮ «ውጣ! ዓይንህን ማየት አልፈልግም!» አለኝ። በገዛ ድምፁ። እጢ ይናገራል እንዴ? ወይስ ድሮም ሆዱ ውስጥ ነበር? ማንን ልጠይቅ...

ጥር 11
ቅዳሜ፣ ጥምቀት። ዘንድሮ አልወጣንም። ከሰዓት በኋላ መጋረጃውን ዘግቼ አንዱን ከፈትኩ። እማዬ የታጠበ ልብስ ይዛ መጣች። «ደግሞ ይሄን ጭራቅ!» አለችና ተቀምጣ ማጣጠፍ ጀመረች።
ፀጉሩ ሲወጣ ትራሱን ጨመቅኩት። አልተደበቅኩም። በመጨረሻ ተኮሱበት። ወደቀ። ከዚያ... ፀጉሩ ቀስ እያለ ጠፋ። ፊቱ ተመለሰ። የራሱ ፊት፣ እንቅልፍ የወሰደው የሚመስል።
እማዬ ካልሲ እንደያዘች ቀረች።
«ልክ እንደዚህ» አለች።
«ምኑ?»
«ወንድምህ። በመጨረሻው ቀን ጠዋት፣ አንተ ትምህርት ቤት ሳለህ። ግንባሩ ተፈታ፣ የድሮ ፊቱ መጣ። ‹ቡችላው ቁርሱን በላ?› አለኝ።»
«እኔን ነው?»
«ሌላ ቡችላ አለን እንዴ? ‹በልቶ ነው የሄደው› ስለው ‹ጎሽ› ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።»
«ለምን አልነገርሽኝም?»
«ልነግርህ ስል ድምፄ እምቢ እያለኝ፣ ልጄ።»
አለቀስን። ለካ አፍንጫዋን በካልሲው ነው የጠረገችው። የኔ ካልሲ! ሳቃችንን ማቆም አቃተን።

ጥር 12
ስንት ዓመት ያለፈው ፊልም... ሰው ዛሬም ያየዋል። ወንድሜ ደጋግሞ የሚያየው ለፀጉሩ ይመስለኝ ነበር። ፊቱ እስኪመለስ እየጠበቀ ይሆን?

ጥር 14
ሽቦን ጠርቼው አብረን አየን። ገና ጨረቃዋ ስትወጣ ትራሱን ነጠቀኝ!
«ምንጣፍ ነው አላልክም?»
«ዝም በል፣ እየመጣ ነው!»
«ቆይ፣ መጨረሻውን ሳታይ አትሄድም» አልኩት።
ማታ ብርድ ልብሴን ከሶፋው አነሳሁ። ይህን የምጽፈው አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው። መስኮቱ ላይ ጨረቃ አለች፣ ሙሉ። መጋረጃውን አልዘጋሁትም።