ሳይሞት የተለቀሰለት መንገድ መሪ

እሑድ፣ ግንቦት 7 ቀን
ከማሽን ክፍሌ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ የኔ እናት? ባለቤትሽ ደህና ነው? ትንሿስ? ሳቋ እዚህ ድረስ ይሰማኛል ብልሽ ውሸት ነው፤ ይሰማኝ ይሆን ብዬ ጆሮዬን ማቆሜ ግን እውነት ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ይህን ደረጃ ሲወጣ ያማርራል እንጂ ከመውጣት አልቀረም። መስመሩ ወደ ላይ ከሸሸብሽ ወይም አንዱ ቃል ሌላው ላይ ከተደረበ ታገሺኝ፤ ማስመሪያ ከሥሩ እያደረግሁ ነው የምጽፈው። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ፣ ግን ቀስ ብዬ ነው። ባንድ ትንፋሽ ከተናገርኩት እኔው ራሴ እደነግጣለሁ።

ያ የጫካ ፊልም ተመልሶ መጥቷል። ሲኒማ ቤታችን የተመረቀው በእሱ ስለሆነ ሥራ አስኪያጁ ከመጋዘን አስወጥቶ ለሦስት ሳምንት ይታይ አለ። ወንዝ ሲወስደው እንኳ ባርኔጣው ከራሱ የማይወልቀው አሳሽ ትዝ ይልሻል? የገመዱ ድልድይ፣ መንገድ የሚመራቸው ሽማግሌ፣ አዞው። አንቺ ልጅ ሳለሽ አዞው ሲመጣ እዚሁ ክፍል ጠረጴዛ ሥር ትገቢ ነበር። «ሄደ?» እያልሽ እግሬን ትጎትቺው ነበር።

የተመልካች አስተያየት ደብተሩም እንደ ድሮው መውጫው በር ላይ በሲባጎ ታስሮ ተንጠልጥሏል። ትኬት ቆራጯ ጠዋት ጠዋት ሻይ ይዛልኝ ትወጣና ታነብልኛለች። ድሮ የማነብላት እኔ ነበርኩ። መነጽሬን ቤት ረሳሁት ካልኳት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እሷም ምን ዓይነት መርሳት ነው ብላኝ አታውቅም።

አስተያየቱ ብዙ ነው። አንዱ «የጎሪላው ጀርባ ላይ ዚፕ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ያዘንኩት ውስጡ ላለው ሰውዬ ነው፣ ምን ያህል ሞቆት ይሆን?» ብሏል። አንዲት ተማሪ ደግሞ «የጫካው ሰዎች ከመጮህ ሌላ ሥራ አልተሰጣቸውም። አንዳቸውንም እንኳ ስምህ ማነው ያለ የለም» ብላ ጽፋለች። ይህን ሁሉ ዓመት ሳሳየው እኔም ጠይቄ አላውቅም። ሌላዋ ሴት እንዲህ ትላለች፦ «ከባለቤቴ ጋር መጀመሪያ ያየነው ፊልም ነው። ያኔ አዞው ሲመጣ እጄን ያዘኝ። ዛሬ ብቻዬን ስለመጣሁ የወንበሩን ክንድ ያዝኩ።» ትኬት ቆራጯ ይህችን ሁለት ጊዜ ነው ያነበበችልኝ።

አሁን ወደ ማክሰኞው ነገር ልምጣ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ፊልሙ ስድስት ጥቅል ነው፣ ማሽኖቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ጥቅል ሊያልቅ ሲል በምስሉ ቀኝ ጥግ፣ ከላይ በኩል፣ ትንሽ ነጥብ ብልጭ ትላለች፤ ያኔ ሁለተኛውን ማሽን አስነሳለሁ። ሌላ ነጥብ ብልጭ ስትል እቀይራለሁ። አዳራሽ የተቀመጠው ሰው ምንም አያውቅም። ሙያዬ ተጠቃሎ ሲታይ ያችን ነጥብ ማየት ነው። ልጄ፣ ነጥቧን ካየኋት ስምንት ወር አልፎኛል።

በጆሮዬ ነው የምሠራው። ከበሮው ሦስት ጊዜ ይመታል፣ ወፏ ትጮሃለች፣ እቀይራለሁ። የጥቅሎቹንም ቁጥር አላነብም፤ ጥቅሎቹ ያሉባቸውን ቆርቆሮዎች መደርደሪያው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ በተራ አስቀምጣለሁ፣ በተራ አነሳለሁ። ማክሰኞ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ አቧራ በልቶኝ እንዳልሞት አስባ መደርደሪያውን ወለወለችልኝ። አንድ በአንድ አውርዳ፣ አንድ በአንድ መለሰች። ስትመልስ አራተኛውና አምስተኛው ቦታ ተለዋወጡ።

ሦስተኛው አልቆ ስቀይር ለቅሶ ሰማሁ። ያ ለቅሶ ያለው አምስተኛው ውስጥ ነው፤ አራተኛው መጨረሻ ላይ መንገድ መሪውን አዞ ከበላው በኋላ የሚያለቅሱለት። አዞው ግን ገና አልበላውም። በርጩማዬ ላይ ዘጭ አልኩ። ፊልሙን ላቋርጥ ብል ማሽን ክፍል ገብተው ምን ሆነህ ይሉኛል። አምስተኛው ሲያልቅ ምርጫ አልነበረኝምና አራተኛውን አስከተልኩ። ያ የተለቀሰለት ሽማግሌ ችቦውን ይዞ፣ እየሳቀ፣ ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። የተመልካቹን ፉጨት ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

በማግስቱ ትኬት ቆራጯ ደብተሩን ገለጠች። «ጥልቅ ፊልም ነው» ይላል አንዱ። «መጀመሪያ አለቀሱለት፣ ከዚያ አብረውት ሄዱ፣ ከዚያ ሞተ። እኛስ ከዘመዶቻችን ጋር ሌላ ምን እናደርጋለን?» ቀጥሎ ያለው ደግሞ፦ «ሲለቀስለት ስላየሁ ሲስቅ ማየት አቃተኝ። እንደሚበላ አውቃለሁ፣ መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም። ውሃ ባየሁ ቁጥር አዞ መሰለኝ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።»

ሥራ አስኪያጁ በደስታ እየሮጠ መጣ። «ዛሬም ልክ እንደ ትናንቱ አድርገው ያሳዩልኝ» ብሎ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገ። ያን ያቀናበርኩት እኔ መስዬው እኮ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰዉ በሰልፍ ይገባል። መጀመሪያ ስቄ ስቄ ሆዴን አመመኝ። ኋላ ግን ያ ሁለተኛው ሰውዬ የጻፈው ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ለካ ስምንት ወር ሙሉ እኔ የኖርኩት እንደዚያ ነው፤ መቼ እንደሆነ ሳላውቅ።

አባቴን አልደረስሽበትም። ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር፤ የእርሳስ ፊደሎቹን እየለቀመ ይደረድራል። ዓይኑ ሲደክምም በጣቱ እየዳሰሰ ሁለት ዓመት ሠራ፣ ማንም አላወቀበትም። አንድ ቀን ደጃፍ ተቀምጦ፣ የእኩለ ቀን ፀሐይ ጭኑ ላይ አርፋ፣ «ልጄ፣ መሸ እንዴ?» አለኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። «አዎ አባዬ፣ መሽቷል» አልኩት። ምን ብዬ እንደዋሸሁት እስከ ዛሬ አይገባኝም። ተነስቶ ግድግዳውን እየዳበሰ ገብቶ ተኛ። እኔም አንድ ቀን ያን ጥያቄ እንዳልጠይቅ ነው የምፈራው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

አርብ ዕለት ትኬት ቆራጯ ሻይ ሳትይዝ ወጣች። ፊት ለፊቴ ቆማ በሁለት እጇ ሁለት ቆርቆሮ ያዘች።

«ጋሼ፣ አራተኛው የቱ ነው?»

«በግራ እጅሽ ያለው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አንቺ ልጅ፣ ሥራ ልታስተምሪኝ ነው?»

«በግራ እጄ የያዝኩት የብስኩት ቆርቆሮ ነው» አለችኝ።

እሷም ብስኩቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና «ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ በር ላይ ተቀምጫለሁ። ያ ሽማግሌ ሳይሞት ተለቅሶለት አያውቅም። ሥራ አስኪያጁን ያሞኙ፣ እኔን ግን አያሞኙኝም። የዓይን ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ የፊታችን ሐሙስ እኔው ራሴ ነኝ የምወስድዎት» ብላኝ ወረደች።

ፈርቻለሁ ልጄ። ግራው ዓይኔ ከሄደ ቆይቷል፣ ቀኙ ጉም ነው። ሐኪሙ መብራቱን አብርቶ፣ አጥፍቶ፣ «ምነው ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ» እንዳይለኝ ፈርቻለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ቁጭ ብዬ ያጠፋሁት እኔው ነኝና ማንን እወቅሳለሁ?

አንድ የዋሸሁሽ ነገር አለ። የትንሿን ፎቶ ስትልኪልኝ «ቁርጥ እናትሽን ናት፣ ግንባሯ ሳይቀር» ብዬ ጽፌልሽ ነበር። እኔ ያየሁት አንድ ነጣ ያለ ነገርና አንድ ጠቆር ያለ ነገር ነው። እናትሽን፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንድትመስልልኝ ስለፈለግሁ አስመሰልኳት። ትናንት ትኬት ቆራጯ ፎቶውን አይታ «ጆሮዋ የእርስዎ ነው» አለችኝ። እሱስ ይሁን፣ ከኔ የሚወረስ ደህና ነገር ጆሮዬ ብቻ ነው።

ይህን አንብበሽ እንዳትመጪ። ሥራሽን ጥለሽ፣ ሕፃን ታቅፈሽ፣ ያን ሁሉ መንገድ አይሆንም። የሐኪሙን ቃል ትኬት ቆራጯ ትጽፍልሻለች፤ መልስሽንም የምታነብልኝ እሷው ናትና ስትቆጪኝ ለዘብ አድርጊው። ደግሞ እንደ ሽማግሌው ቀድመሽ እንዳታለቅሺልኝ።

የምትረግጪው መሬት ይመቻችልሽ፣ የልጅሽን ወግ ማዕረግ በዓይንሽ ሙሉ እዪው። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። የዘጠኝ ሰዓቱ ተመልካች መግባት ጀምሯል፣ ሰልፉ ይሰማኛል፤ ተነስቼ ቆርቆሮዎቼን ልዳስስ።

የሚወድሽ አባትሽ

እንዳትመጪ ያልኩሽ እንዳለ ነው። ግን ለማንኛውም፣ ቤት መስኮቱ ሥር ያለችውን ወንበር አዙሬ አስቀምጫታለሁ። ጠዋት ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊት ታርፍባታለች። ሕፃን የታቀፈ ሰው እዚያ ቢቀመጥ፣ እኔም በቀኝ ዓይኔ በኩል በጣም ብጠጋ፣ ፊት እለያለሁ። ትናንት ትኬት ቆራጯን አስቀምጬ ሞከርኩት፤ አልቅሳ እንደነበር አየሁ።