ስምህ በቁንዝላ ውሃ ላይ ሲበራ

ሰይዴ ዓለሜ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ጣና ዘንድሮ እጅግ ሞልቶ ደንገሉን እስከ መንገዱ ጠርዝ ገፍቶት ነበር፤ አሁን መሸሽ ጀምሯል። ደህና ነኝ ብልህ አታምነኝም፤ ስለዚህ አልልህም።

ቤቱ እንደተውኸው ነው ብልህም ውሸት ይሆንብኛል። ማንጎው ጣሪያውን ስለተጫነው ግማሹን አስቆረጥሁት፤ ግቢው ፀሐይ በዝቶበት እስካሁን አልለመድሁትም። ብስክሌትህን ወንድሜ ከማል ወደ ቁንዝላ ወሰዳት። ስትሄድ በር ላይ ቆሜ ኮርቻዋን አየሁ፤ ለአንተ ቁመት ከፍ እንዳለች ነበረች። አባትህ ሐጂ ደግሞ ድምፃቸው ሰለለ። ሐኪሙ የጉሮሮ ሕመም ነው ቢላቸውም፣ ከቀብርህ ወዲህ የመጣ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሱቅ ተቀምጠው ጨርቁን እየዘረጉ ያሳያሉ እንጂ እንደ ድሮው ከደንበኛ ጋር አይከራከሩም። ከሱቁ ጀርባ ያለው መጋዘንህ እንደተቆለፈ ከረመ።

መጀመሪያ እዚያ ያስገባኸኝ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ገና አልተጋባንም ነበር። ከአባትህ አቡጀዲ ቆርጠህ ከጣሪያው እስከ ወለሉ ሰቅለሃል፤ ከጀርባው አምፖል ደርድረሃል፤ ግን ሁሉም ጠፍቶ ጨለማ ነው። «ተናገሪ» አልኸኝ። «ምን ልናገር?» ስል ጨርቁ ቦግ አለ። ደንግጬ ዝም ስል ጠፋ። ማይክሮፎኑ የሰማውን ይህ ራሴ የገጣጠምሁት ሳጥን ወደ ብርሃን ይለውጠዋል፤ ድምፅ ሲጨምር ይደምቃል፣ ትንፋሽ ሲያልቅ ይጨልማል ብለህ አስረዳኸኝ። እኔ የሰማሁህ ግማሹን ነው። በራሴ ድምፅ ብርሃን ፊትህን ለመጀመሪያ ጊዜ እያየሁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እኔ ድምፅ፣ አንተ መብራት ሆንን። መጀመሪያ ሰው ወደ መጋዘኑ የጋበዝን ዕለት ግን ምን ቢሆን ጥሩ ነው? እኔ ሳንጎራጉር ሁሉም እጁን አጣምሮ ያያል፤ ማንም ምን እንደሚያይ አልገባውም። መሐል ላይ ጎረቤታችን እትዬ ዘምዘም አሳላቸው፤ ጨርቁ በሳላቸው ብልጭ ሲል ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሣቁም። ቀረብ ብለው አረብ አገር የቀረችውን ልጃቸውን «ሰዓዳ!» ብለው ተጣሩ። ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር ሞላ። ትንፋሻቸው እስኪያልቅ ሲጠሯት ሣቁ ሁሉ ጸጥ አለ። ሥራችን ከዚያች ዕለት ጀምሮ እሱ ሆነ፤ የናፈቁትን ሰው ስም መጥራት። አባትህ በሩ ላይ ቆመው አይተው፣ «ጨርቅ ለመልበስ ነው እንጂ ሊጮኹበት አልተሠራም» ብለው ሄዱ። አንተ ሣቅህ፤ እራትህን ግን ሳትነካው ተነሣህ።

ያልደረስህበት የቁንዝላው ሥራ ነበር። ጨርቁን ውሃው ላይ እንስቀለው፣ የተወለድሽበት ዳር ላይ ሰው ቆሞ ይጣራ፣ ብርሃኑ ከሐይቁ ይመልስለት ትለኝ ነበር። ሆስፒታል ተኝተህ እንኳ በጣትህ መዳፌ ላይ ሥለህልኛል፤ ምሰሶው እዚህ፣ አምፖሉ እዚያ።

ክረምቱ እንደወጣ የመጋዘኑን ቁልፍ አባትህን ጠየቅኋቸው። ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ሰጡኝ። ዕቃውን ጭኜ በዚያ በሚያንገጫግጭ መንገድ ቁንዝላ ገባሁ፤ ግማሹ አምፖል መንገድ ላይ ተሰባበረ። ከማል ከዓሣ አጥማጅ ጓደኞቹ ጋር እስከ ደረቱ ውሃ ገብቶ ምሰሶ ተከለልኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ ከተማው በሙሉ ዳሩ ላይ ቆሟል።

ጄኔሬተሩን ስናስነሣው ጨርቁ በራ፤ በርቶም ቀረ። ማንም አልተናገረም፤ ማይክሮፎኑ የሚሰማው የሞተሩን ጩኸት ነበር። «ይኸማ የሠርግ ቤት መብራት ነው!» አለ አንዱ። ሰው ሲሥቅ እንባዬ መጣ። ምን ታደርግ እንደነበር አሰብሁ፤ አንተ ብትኖር ቁጭ ብለህ ጉንጭህን ታክ ነበር። ከማል ጄኔሬተሩን አጥፍቶ የጀልባ ባትሪዎች አምጥቶ አገናኘልኝ። ያን ጊዜ ጨለመ፣ ጸጥም አለ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ቀርቦ ሐይቁ የወሰደበትን ወንድሙን ጠራ። ብርሃኑ ውሃው ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ማንም አልሣቀም።

ሰው በየተራ ሲጠራ መሐሉ ተከፈለና አባትህ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። እኔ አልጠራኋቸውም፤ ወሬውን ሰምተው መኪና ለምነው ነው የመጡት። ማይክሮፎኑ ዘንድ ቆሙና «ሰይድ» አሉ። ጨርቁ ጨለማ ነው። ደግመው ጠሩህ። ምንም። ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ አልሰማኝም» አሉ።

ሳጥኑን ይበሉ አንተን፣ አላወቅሁም። ያን መጨረሻ ድረስ እንዳታዞሪው የምትለኝን የሳጥኑን የድምፅ መጨመሪያ ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞርሁት። እንዳልኸውም ሁሉን ይሰማ ጀመር፤ ማዕበሉን፣ የሰዉን እግር፣ ሳል። ጨርቁ ተንቀጠቀጠ። «እባካችሁ፣ ለአባት ስትሉ ዝም በሉ» ብዬ ለመንሁ። ዳሩ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ፤ ጀልባ ላይ ያሉትም መቅዘፊያቸውን አነሡ። ያን ጊዜ አባትህ በዚያ በሰለለ ድምፅ እንደገና «ሰይድ» አሉ፤ ጨርቁም ከታች እስከ ላይ ነጭ ሆነ፣ ብርሃኑ በውሃው ላይ መጥቶ እግራችን ሥር ደረሰ። እሳቸውም አላቆሙም። «ሰይዶ… ሰይድዬ… አባዬ…» እኔ ሰምቼው በማላውቀው ስም ሁሉ ጠሩህ።

እኔ እንደ ልማዴ ፊትህን ለማየት ወደ ሳጥኑ ዞርሁ። ሳጥኑ ዘንድ፣ በአንተ ቦታ የቆምሁት ግን እኔው ነበርሁ። ሰይዴ፣ እንደዚያች ማታ ናፍቀኸኝ አታውቅም።

በማግሥቱ አባትህና እኔ በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ተመለስን። ሞተሩ ስለሚጮህ አፋቸውን ጆሮዬ ላይ አድርገው፣ «አሁንም ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ አልገባኝም» አሉኝ። «ግን ስሙን ስጠራው በራ። እስቲ ንገሪኝ፣ እዚያ መጋዘን ውስጥ እንዴት ያለ ሰው ነበር?» ነገርኋቸው። እየሠራህ እንደምታንጎራጉር፣ ዜማው ሁልጊዜ እንደሚጠፋብህ፣ አምፖል ሲቃጠል ይቅርታ እንደምትጠይቀው። ሣቁ። ቆይተው ደግሞ እሳቸው ነገሩኝ፤ ልጅ ሳለህ የመስታወት ስባሪ ይዘህ ሱቁ ደጃፍ ትቀመጥና ፀሐይዋን በደንበኛው ፊት ላይ ታንጸባርቅ እንደነበር፣ እሳቸውም አንዴ ሊቆጡ ወጥተው ብርሃኑን ግድግዳው ላይ ስታስሮጠው አይተው ዝም ብለው እንደተመለሱ።

ይኸን ነግረኸኝ አታውቅም። እኔ ካሁን በኋላ ስለ አንተ የማላውቀው ነገር የሚመጣ አልመሰለኝም ነበር፤ ያለኝን ብቻ እየቆጠብሁ የምኖር መስሎኝ ነበር። ለካ ገና ያላገኘሁት ሰይድ አለ። ዛሬ ጠዋት እትዬ ዘምዘም ዘንድ ሄጄ ስለ አንተ ጠየቅኋቸው፤ ነገ የቁርዓን ቤት ጓደኞችህ ዘንድ እሄዳለሁ። ያላየሁህን ካዩህ ሁሉ እየለቀምሁ፣ የማውቅህንም ለጠየቀኝ እየነገርሁ አኖርሃለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ አንተን ማወቄን አላቆምም።

አላህ በሰፊው ይዘንልህ፣ ዓለሜ።

ያንተው ነጃት